መሄጃ እና መመለሻ

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ስለሆነ ጽሕፈቴ ላይ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ... ታሪኩ ላይ ግን ስህተት የለም። የጻፍኩት እንደሆነው ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፍ ይንጫጫል። ጨልሞ ስለነበር ነው እንዳትሉኝ።

ልጄ ጠላቂ ናት። ውሃ የሞላው ዋሻ ውስጥ እየገባች ካርታ ትሠራለች። ሥራዋን አልወደውም። ስለማልወደው ነው አብሬያት የምሄደው።

የኔ ድርሻ ዕቃ ማሰናዳት ነው።

መብራት ለአንድ ሰው ሦስት። አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቢጠፋ ሦስተኛው። እያንዳንዱን አበራለሁ፣ በመዳፌ ሸፍኜ አየዋለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ።

ከዚያ መጠባበቂያ ሲሊንደሮቹ አሉ። ሁለት ናቸው። ውጫቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጣቸው ያለው አየር ግን ይለያያል። መሄጃው ለጥልቁ ነው። መመለሻው የሚተነፈሰው ለመውጣት ሲቃረቡ፣ እላይ ብቻ ነው። መመለሻውን ጥልቁ ውስጥ የተነፈሰ ሰው... ያንዘፈዝፈዋል። ከዚያ በኋላ አይወጣም።

ስለዚህ በነጭ ፕላስተር ላይ ስማቸው ይጻፋል። ሁልጊዜ የምትጽፈው እሷ ነበረች።

የዚያን ቀን ግን ማርከሩን ለኔ ዘረጋችልኝ።

«ዛሬ አንቺ ጻፊ፣ እማ።»

«ኧረ ተዪኝ። ባበላሽስ?»

«አታበላሺም። አስተማሪሽ ጎበዝ ናት ብላኛለች።»

አብሯት የሚጠልቀው ሰው የዕቃ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። ሁሉም ቀጭኑ ነው የሚሉት።

«እማማ፣ እኔ ላይ ብቻ እንዳይጽፉ። ቦታ የለኝም።»

ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆማ አየሩን ለካች። «በግራ ያለው መሄጃ፣ በቀኝ ያለው መመለሻ» አለችኝ።

ጻፍኩ። መሄጃ። መመለሻ። ሻ ትንሽ ጎበጠችብኝ። በግራ ያለው ላይ አንዱን፣ በቀኝ ያለው ላይ ሌላውን ለጠፍኩ።

አየችውና ግንባሬን ሳመችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የማነበው ያንቺን ጽሕፈት ነው።»

ገቡ።

ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ መብራቶቻቸውን ቆጠርኩ። ስድስት። እየደበዘዙ ወረዱ... ጠፉ።

ዕቃ ልሰበስብ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ልጄ ቆማ በነበረችበት በኩል ዞሬ መለኪያውን አነሳሁ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁት። ከዚያ እጄን።

ግራ እጄ... ቅድም ቀኜ በነበረበት በኩል ነው።

ፊት ለፊቴ ነበር የቆመችው። የሷ ግራ የኔ ቀኝ ነው።

አቀያይሬ ለጥፌባታለሁ።

እንዴት ሮጬ ዋሻው አፍ እንደደረስኩ አላውቅም። ከአፉ እስከ ውስጥ የተዘረጋ ነጭ ገመድ አለ፤ እሱን ይዘው ነው የሚሄዱት። ያዝኩትና ጎተትኩት። ደግሜ ጎተትኩት።

ምንም።

ውሃው ውስጥ ተንበርክኬ «ልጄን፣ ልጄን» እያልኩ ሳለ ገመዱ መልሶ ተሳበ። አንዴ። ቀስ ብሎ... አይዞሽ እንደሚል ሰው።

ውሃው ውስጥ ሳይ ከታች አንድ መብራት አየሁ። የገመዱ የመጀመሪያ ቋጠሮ አካባቢ። አይንቀሳቀስም። ከነሱ አንዱ ነው ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ።

አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ።

ልጄ ወጣች። ቀጭኑም ከኋላዋ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

«ምነው እማ? በሰዓታችን ነው እኮ የወጣነው።»

«ሲሊንደሩ... ተቀያይሮ ነበር።»

«አዎ፣ ግን አርመሽዋል አይደል? የመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ በመብራቴ አነበብኩት። መመለሻውን እዚያ ሰቅዬ ነው ያለፍኩት።»

ወደ ሲሊንደሮቹ ዞርኩ።

«መሄጃ» ያልኩት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዟል። በላዩ «መመለሻ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላኛውም እንዲሁ። ልክ አስተማሪዬ ደብተሬን እንደምታርመው።

ሻዋ አልጎበጠችም።

«እኔ አልሰረዝኩም» አልኩ።

ልጄ ፕላስተሩን በጣቷ ዳሰሰች።

«ታዲያ ማን ነው?» አለች በሹክሹክታ። «ያ ማርከር ውሃ ውስጥ አይጽፍም።»

«ገመዱን ስስበው መልሳችሁ ሳባችሁ?»

«ገመዱ እኮ ውስጥ ድንጋይ ላይ ታስሯል። ስትስቢው አይሰማንም።»

«እዚያ ዋሻ የቀረ ሰው አለ?»

«እኛ የምናውቀው የለም።»

ቀጭኑ መብራቶቹን እየፈታ ነበር። ስድስቱም አሉ። ስድስቱም ከነሱ ጋር ጥልቁ ድረስ ወርደው ነው የተመለሱት።

ከዚያ የመመለሻውን ሲሊንደር አጋደመው።

«እማማ... ይሄስ የማን ቀልድ ነው?»

ሲሊንደሩ ቂጥ ላይ ሌላ ፕላስተር ተለጥፏል። እኔ ያልቆረጥኩት። አንድ ቃል ብቻ።

«የኔስ?»

የዚያን ቀን ማንም አልቀለደም።

እኔ ግን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዋሻው ውስጥ ያለው ልጄን መልሶልኛል። እሱ ደግሞ የራሱን ጠይቋል። ካልሰጠሁት ከማን ይወስዳል? እሷ ቅዳሜ ተመልሳ ልትገባ ነው። ለምኛት አልሰማችኝም፤ «ያዳነንን ነገር ፈርተን እንቅር?» አለችኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለብቻዬ ሄድኩ። አንድ አሮጌ ሲሊንደር አስሞላሁ። አንድ መብራት አሰርኩበት፣ ሳላበራው። ፕላስተር ቆርጬ፣ ተጠንቅቄ፣ ሦስት ፊደል ጻፍኩ።

«ያንተ»

ለምን ወንድ እንዳደረግኩት አላውቅም። በራሱ ገመድ አስሬ፣ ጫፉን ደጅ ድንጋይ ላይ ቋጥሬ፣ ወደ ውሃው አወረድኩት። ውሃው ገመዱን ከእጄ ላይ በዝግታ ተቀበለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ልብሳቸውን ሲለብሱ ቀድሜ ሄጄ ሳብኩት። ቀሎኝ ይወጣል፣ ባዶ ሆኗል ብዬ ነበር።

ከበደኝ።

መለኪያውን አየሁ። ሙሉ ነው። አንድ ትንፋሽ አልጎደለም።

መብራቱ ግን በርቷል።

ፕላስተሩን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። «ተ» በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዛለች። በላይዋ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት፣ አንድ ፊደል ተጽፏል።

«ቺ»

መጀመሪያ፣ ሴት ነኝ ማለቷ መሰለኝ። እንደሱ ነው፣ «ያንቺን ስጪኝ» ማለት አይደለም እያልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ያንቺ... ያንቺ...

ከኋላዬ የእርጥብ እግር ኮቴ ሰማሁ። ልጄ ናት። ልብሷን ጨርሳ ለብሳ፣ መብራቶቿን አስራ፣ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አነበበች።

ፈገግ አለች።

«እማ... ይሄ የኔ ነው?»

ሁለት እጄን ሲሊንደሩ ላይ ጫንኩ።

ነጩ ገመድ አንዴ ተሳበ። ቀስ ብሎ...