ከብርሃን የመጣ ዓይን

የሃምሳ አለቃው ሬሳ ከደረቁ ጉድጓድ እንደወጣ የተያዘው ወጥ ቤቱ ነበር፤ ማታውን ሲጣሉ ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል። የሟች ሚስት ደግሞ የወጥ ቤቱ እህት ናት። አመሻሽ ላይ መኪና መጥቶ ከወሰደው፣ ያቺ ሴት ባልሽን የገደለው ወንድምሽ ነው መባሏ ነው። መርማሪዋ ሻምበል የነበራት ጊዜ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

በዚያ ጦር ሰፈር ጠላት ብርሃን እንዳያይ ከመሸ ክብሪት አይጫርም። ሟቹ የሲጋራ ፍም ባየ ቁጥር እየሮጠ ስለሚጮህ «አጥፋ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። መብራት የሚበራው በመጋረጃ በታፈነው የሬዲዮ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እዚያም «ሃሎ» የሚሉት ሬዲዮኛ ውሎ ያድራል። ወጥ ቤቱ ሟቹን ሲገፋው አየሁ ያለውም እሱ ነው።

ሻምበሏ ከፀሐይ ወደ ምሽጉ ስትገባ ግንባሯን ከምሰሶ ጋር አጋጨችው። ወታደሮቹ በጨለማው ውስጥ ሳቁ።

«ሻምበል፣ ምሰሶው ምን አደረገዎት?» አለ ሐኪሙ። «ከብርሃን የመጣ ዓይን እንግዳ ነው፤ አረፍ ካላለ ቤተኛ አይሆንም።»

እነሱም መጀመሪያ የመጡ ሰሞን እንደ ዕውር ሲደናበሩ እንደከረሙ አጫወታት። አሁን ሬዲዮ ክፍል የሚገባ ሁሉ አንድ ዓይኑን በእጁ ይከድናል፤ ሲወጣ የሚያይበት እንዲተርፈው። ሃምሳ አለቃው በሞተባት ሌሊት የሬዲዮው ጥሪ ጮሆ ጮሆ መልስ ማጣቱንም ነገራት፤ ሃሎን እንቅልፍ የጣለው መስሎት ነበር።

ወጥ ቤቱን ስታናግረው አልካደም።

«እሳቴን ረገጠብኝ፣ ሰደብኩት። አማቼ ነው፣ ስንሰዳደብና ስንታረቅ ነው የኖርነው። እህቴን ግን ምን ብዬ አያታለሁ?»

ሬዲዮ ክፍል ገብታ መጋረጃውን ዳሰሰች። ጫፉ ተቀድዶ በአዲስ ክር ተሰፍቷል። አዛዡን ብትጠይቀው፣ ሟቹ ሬዲዮኛው ብርሃን እያሾለከ አስቸገረኝ ብሎ ወደ ምሽግ እንዲዛወርለት ለምኖት እንደነበር ነገራት።

መኪናው ሊደርስ ሲል ሁሉንም ምሽጉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሃሎ ያየውን እንዲደግምላት ጠየቀችው።

«ከክፍሌ ወጣሁ። እግሬ ደጁን እንደረገጠ ወጥ ቤቱ ሲገፋው አየሁ። እጅጌውን ሰብስቦ ነበር።»

አንዱ ከጨለማው ውስጥ ሳቅ ሲል ተሰማ።

«ዓይንህን ከድነህ ነበር?» አለችው ሻምበሏ።

«ለምን እከድናለሁ?»

«ይኸው፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንተ አታውቅም፤ ጨለማ ውስጥ ኖረህ አታውቅማ። ከብርሃን የወጣ ሰው እጅጌ ቀርቶ የራሱን እጅ አያይም። ጨረቃም አልነበረችም። በጨለማ ማየት የሚችለው ቀድሞ ጨለማው ውስጥ የቆየ ነው። ጥሪው መልስ ያጣውም ደጅ ስለነበርክ ነው። ምስክር ብቻ ብትሆን ደጅ መቆየትህን አትደብቅም ነበር። መጋረጃውን የሰፋኸው ደግሞ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ እሱ በሕይወት እያለማ ብርሃኑ ይሾልክ ነበር። ከመብራትህ ሊያወጣህ መሆኑን ሰምተሃል፤ ሬዲዮ ጆሮው ረጅም ነው።»

ሃሎ ብዙ አልተከራከረም። አጥፋ ቅኝቱን ጨርሶ በዚያ ሲያልፍ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሎ ጠብቆ እንደገፋው ተናገረ። ወጥ ቤቱ አንገቱን ደፋ፤ ሐኪሙ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈበት።

የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ወታደሮቹ ሃሎን በሁለት ክንዱ ይዘው ሲያስነሱት ወደ ሻምበሏ ዞረ፤ ዓይኑ ገና አልለመደም፣ የሚያናግረው ምሰሶውን ነበር።

«የምታስሩኝ ክፍል» አለ፣ «መብራት አለው?»