አረፋ ያጣው ሳሙና

ጋሽ ሉቃስ ገና ቀይ ባሕርን ሳይሻገሩ ጸሎታቸውን አቋረጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በነኤልዳና ቤት ለኅብረት የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጋሽ ሉቃስ ማዕድ ሲባርኩ ከፍጥረት ጀምረው፣ በኖኅ መርከብ ተሳፍረው፣ ግብፅ ገብተው ወጥተው፣ ጂንካ የሚደርሱት ጎደሬው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ድንገት ፀጥ አሉ። አፍንጫቸው ተነፋ። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

ኤልዳና የእጅ ማድረቂያ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በጸሎት መሀል አንድ ዓይን መግለጥ የልጆች ኃጢአት ብቻ ይመስላት ነበር።

«ወገኖቼ» አሉ ጋሽ ሉቃስ፣ «አረቄ ይሸታል።»

በሳሎኑ ውስጥ የተዘረጉት እጆች ቀስ በቀስ ወረዱ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎረቤቱን አሸተተ፤ ቀጥሎ፣ ማንም ሳያየው፣ ራሱን። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን አረቄ መጠጣት ቀርቶ አረቄ ሻጭ ደጅ ዝናብ መጠለልም ያስጠይቃል።

ኤልዳና ምንም አልሸተታትም። ጉንፋን አፍንጫዋን ከደፈነው ሰንብቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማት ጉጉት ብቻ ነበር፤ አባቷን እስክታይ ድረስ። አባቷ አቶ ሽመልስ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ናቸው። ከሩብ ሰዓት በፊት ስለ ራስን መግዛት አስተምረው ሰው ሁሉ አሜን ብሏል። አሁን ፊታቸው አመድ መስሏል። የሚያዩት ደግሞ ሰዉን አይደለም። የሚያዩት የእሷን ትከሻ ነው። ፎጣውን።

ያኔ ከጓዳ ያነሳችው ሃይላንድ ትዝ አላት።

ነገሩ የመጣው ከሳሙና ነው። እናቷ ወይዘሮ አስቻለች ቱሪስት በሚያርፍበት አንድ ሎጅ ክፍል ታጸዳለች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ከወራት በፊት አንድ እንግዳ ጥሎት የሄደ ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ አናቱን ሲጫኑት ሳሙናውን እንደ ኬክ ክሬም አረፋ እያደረገ የሚተፋ። ሱቅ ቢጠይቁ የሙሌቱ ዋጋ ዶሮ ይገዛል ተባሉ። ኤልዳና ግን ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየችና ገባት፤ ጉዱ ያለው ጠርሙሱ ላይ እንጂ ሳሙናው ላይ አይደለም። አንድ እጅ ተራ ፈሳሽ ሳሙና፣ አራት እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ቀስ አድርጎ መወዝወዝ። በቃ። በሳምንት ያልቅ የነበረው ሳሙና ከወር በላይ ቆየ። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስልኩም ለካ ይጠቅማል» አለች።

ሰፈሩ ሊያይ መጣ። እጁ ያልቆሸሸው ሁሉ ታጠበ። በሳሙና የተረፈው በውሃ ሊሄድ ሲል እናቷ ሕግ አወጣች፤ አረፋውን ማሸት፣ በጠብታ ማለቅለቅ፣ በፎጣ መጥረግ። ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ ፎጣ ብቻ።

ውሃ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። እንግዶቹ ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ የሳሙናው ጠርሙስ ባዶ ነበር። የፈላ ውሃ የሚቀመጥባቸው ሃይላንዶችም ባዶ። አፍልቶ ማቀዝቀዣ ጊዜ የለም። ኤልዳና ጓዳ ገብታ ስትፈልግ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ አንድ ሃይላንድ አገኘች፤ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለ። አልገረማትም። ውሃ ሲጠፋ በዚያ ቤት ሁሉም የየራሱን ይደብቃል። ትንሿ እህቷ ናርዶስ እንኳ ትራሷ ሥር ትሸጉጣለች። «አባዬም ጀመረ» ብላ ለብቻዋ ሳቀች፤ ለካች፤ ቀላቀለች።

አረፋ ግን አልመጣም። ጠርሙሱን ስትጫነው ቀጭን ውሃ ብቻ ጪር አለ።

«ሳሙናሽ ኔትወርክ የለውም» አለች ናርዶስ።

«አትፎግሪ! ፎጣውን አምጪ።»

እንግዶቹ ጨዋ ስለሆኑ አልተቹም። አረፋ እስኪመጣ ደጋግመው ተጫኑት፤ እጃቸውን አርሰው በፎጣው ጠረጉ። ከመካከላቸው ሣህሌ ብቻ በመጋዝ የተቆረጠ ጣቱን አራገፈና «ኧረ ይሄ ሳሙና ይለበልባል፣ ልጅት!» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። አሁን ግን ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ ከጀርባዋ ደበቀች።

«ወንድም ሣህሌ» አሉ ጋሽ ሉቃስ።

ሳሎኑ በሙሉ ወደ ሣህሌ ዞረ። ሣህሌ አናጺ ነው። ድሮ በገበያ ቀን ሰው ደግፎ ቤቱ የሚያስገባው ጠጪ ነበር። ይኸው ከተወ ቆየ፤ ጌታን ካገኘ ጀምሮ አረቄ ባለፈበት አላለፈም። ነገ ጠዋት ነሪ ወንዝ ላይ ይጠመቃል። እናቱ ይህን ለማየት ከገጠር መጥታ ቤቱ ተቀምጣለች።

«አቤት ጋሽዬ።»

«ቀረብ በል እስቲ። እጅህን ስጠኝ።»

ሣህሌ ሰጠ። ጋሽ ሉቃስ መዳፉን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሳቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከአረቄው አልለየም።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ቀርቶህ?»

«ኧረ አልቀመስኩም! በጌታ ስም!»

«እኔም እጄ ሸትቶኛል» አሉ ጋሽ ሉቃስ በሐዘን። «ለካ ስንጨባበጥ ነው ያጋባብን።»

ሳሎኑ በእፎይታ ተነፈሰ። የሁሉም እጅ ይሸት ነበር፤ ሁሉም ደግሞ ሣህሌን ጨብጧል። ከሶፋው ጥግ ከመዘምራኑ እትዬ ጤናዬ የራሷን እጅ ነጠላዋ ሥር ከታ «ጌታ ይርዳህ ወንድሜ» አለች።

«አፌን አሽትቱኝ!»

«የአፍማ በማስቲካ ይጠፋል» አለ አንድ ድምፅ።

ኤልዳና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማንም አላያትም። ማድ ቤት ገብታ ከመደርደሪያው ሥር ሃይላንዱን አነሳች። ከታች ጥቂት ቀርቷል። ላለማመን አንድ ዕድል ፈለገችና ምላሷ ላይ ጠብ አደረገች።

እሳት ነው።

ክዳኑ አምልጧት ከምድጃው ሥር ተንከባለለ። ልታነሳው ስታጎነብስ ከኋላዋ በሩ ገርበብ አለ።

«ኤልዱ።»

አባቷ ነበሩ። ይጮሁብኛል ብላ አንገቷን ቀበረች። አልጮሁም። ይህ ከጩኸት የባሰ ሆነ።

«ሁሉንም ጨመርሽው?»

«ውሃ መስሎኝ ነው አባዬ። በእናቴ ሞት ውሃ መስሎኝ ነው።»

«ለጉልበቴ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «የማሽበት። ጉልበቴን ታውቂው የለ?»

ጉልበታቸውን ታውቀዋለች። በየምሽቱ ሁሉም እያየ በቅባት ያሹታል፤ ናርዶስም ሽታው አስጠላኝ እያለች ትጮኻለች። ጉልበት የሚያሽ ሰው ከበቆሎ ጆንያ ጀርባ ምን ይደብቃል? ጥያቄው አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የአባቷን ዓይን አየች። ከበሩ አይነቀልም። አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። ቤቱ መሠረት ያልነበረው ያህል እግሯ ሥር የተነቃነቀ መሰላት።

«ሳሙናውን ድፊው። ፎጣውንም ዘፍዝፊው። ቶሎ።»

«ሣህሌስ?»

«ሣህሌ… ሌላ ጊዜ ይጠመቃል። ወንዙ የትም አይሄድም።»

«ነገ ነው እኮ አባዬ። እናቱ መጥታለች።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!» ድምፃቸው ከፍ አለና ራሳቸው ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ኤልዱ። ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ወገባቸውን አቃንተው፣ ጉልበታቸው ምንም ሳያስነክሳቸው ወደ ሳሎን ተመለሱ።

ኤልዳና የሳሙናውን ጠርሙስ አንስታ የማድ ቤቱ የውሃ መውረጃ ላይ ያዘችው። አንድ ጊዜ ብታዘነብለው ነገሩ ያልቃል። ባታዘነብለውስ? አባቷ ከሽምግልና ሲወርዱ ታያት። እናቷ ሎጁ ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ስትታማ ታያት። ሰኞ ክፍል ስትገባ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች «የጋሽ ሽመልስ ግሮሰሪ መጣች!» ብለው ሲንጫጩ ከወዲሁ ሰማቻቸው። ጆሮዋ ጋለ። ጠርሙሱን አዘነበለች።

የጠርሙሱን አናት ሳትፈታው ግን የሆነ ነገር ተቋረጠ። ከሳሎን የሣህሌ ድምፅ። ሲከራከር የነበረው ሰው ዝም ብሏል።

በበሩ ክፍተት አየች። ሣህሌ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልጋል።

«ወዴት ነው ወንድሜ?» አሉት ጋሽ ሉቃስ። «ተቀመጥ እንጂ፣ እንጸልይልህ።»

«ይሁን ጋሽዬ። እናንተ ጠጥቷል ካላችሁ ጠጥቻለሁ ማለት ነው።» አንዱን ጫማ አጠለቀ። «እንግዲህ ሳልጠጣ ከምታማ…» አልጨረሰውም። ሁለተኛውን ጫማ ሲያደርግ ክሩ አልታሰር አለው፤ የተቆረጠ ጣቱ አልታዘዝ አለው።

ኤልዳና እግሯ መቼ እንደተነሳ አላወቀችም። ሳሎኑ መሀል ስትደርስ የሳሙናው ጠርሙስ አሁንም በእጇ ነበር።

«ጋሽ ሉቃስ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ምነው ልጄ?»

«ይስጡኝ ብቻ።»

አዛውንቱ ግራ ተጋብተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠርሙሱን ተጫነችው። ጪር አለ።

«ያሽትቱት።»

ጋሽ ሉቃስ አሸተቱ። ራሳቸውን መለስ አድርገው፣ ደግመው አሸተቱ።

«ሳሙናው ነው» አለች ኤልዳና። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ። «ሁላችሁም ታጥባችሁበታል። ሣህሌ ምንም አላደረገም። ደግሞ ይለበልባል ብሎኝ ነበር።»

እጆች ከየኪሱና ከየነጠላው ሥር ወጡ። እትዬ ጤናዬ የራሷን አሽትታ «ውይ በሞትኩት!» አለችና አፏን በዚያው በአረቄ እጇ ያዘች። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ አቆመ። ሣህሌ በሩ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ቀና አላለም፤ ትከሻው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሉቃስ። «እና ይሄ ሳሙና ከምን ጋር ተቀላቀለ?»

«ሃይላንድ ውስጥ ከነበረው። ውሃ መስሎኝ።»

«ሃይላንዱን ከየት አመጣሽው?»

ውሸቱ ዝግጁ ነበር። ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ልጅ ሁሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያለ ከቱሪስት መኪና ጠርሙስ ይለቅማል። ፈረንጅ የወረወረው ነው ብትል ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። እንዲያውም ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ፈረንጁ እንደሆን መጥቶ አይከራከር። አባቷን አየቻቸው። አባቷም አዩዋት። ዓይናቸው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷን ብቻ ይለምን ነበር።

ምላሷ ላይ ያ እሳት አሁንም አለ።

«እሱን እኔ አልመልስም፣ ጋሽ ሉቃስ» አለች።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው መሀል፣ ከቀዘቀዘው ጎደሬ አጠገብ አስቀመጠችው። ዞራ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ጀርባዋን ዓይን ሁሉ የሚወጋት መሰላት። ከጀሪካኑ ሥር የቀረችውን ውሃ ድስት ውስጥ ገልብጣ ከሰሉን አራገበች።

ናርዶስ ተከትላት ገባች። ዓይኗ ፈጥጧል።

«አሁን ምን ልንሠራ ነው?»

«ውሃ እናፈላለን። ለሳሙናው።»

«አባዬ ይገርፈናል?»

«አላውቅም።»

ከሳሎን ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሰው እየተነሳ ነው። ቀጥሎ የአባቷ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ። ቃል ግን አልተከተለም፤ ገና።

ናርዶስ በሩን ልትዘጋ እጇን ሰደደች።

«ተይው» አለች ኤልዳና። «ክፍት ይሁን።»