ያለ ሰው የተነሳው ክራር

ይህን ሳወራችሁ አንዲት ቃል ብዋሽ ላሊበላን ዳግመኛ አልርገጥ፤ ነገሩ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ሳጅን ፅናት አህያ ስታስነጥስ ሰምታ የብልባላ ትሁን የጋሸና የምትለይ መርማሪ ነበረች። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን የተጠራችው ለአህያ አልነበረም።

የሆቴል ባለቤቱ ሀብተ ሥላሴ ከጓሮው የድንጋይ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኝቷል። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርተዋል። ሰው ገፍቶታል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፅናት የሆቴሉን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀች። ጎረቤቱ ቄስ ምስጋኑ ጥርጥር አልነበራቸውም።

«በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር፣ ልጄ። እኔ ቤት የእናቴ ተዝካር ላይ ተቀምጠን መብራት መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ከክፍሉ በዚያች ሣጥኑ የሚያጫውተው ክራር ተሰማ። ያችን ሣጥን ደግሞ ከሱ በቀር የሚከፍታት የለም፤ ምስጢር ቃሏን ለማን ነግሮ!»

ሣጥኗ ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት የምትሠራ፣ ለእንግዶች ፊልምና ዜማ የምታጫውት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ሌላው ሁሉ ተዝካሩ ላይ ሳለ በዘጠኝ ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ የነበረችው ልብስ አጣቢዋ ሙሉዬ ብቻ ናት። የፖሊስ መኪናው በር ላይ ይጠብቃታል፤ የአራት ወር ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«እኔ እስር ቤት ስገባ ይችን ማን ያጠባታል?» አለች። «ፊት ለፊት ልብስ ሳሰጣ ነው ወንድሙ የሻው ሲጮህ የሰማሁ። ሮጬ ሄጄ እጁን ብይዘው ቀዝቅዟል፣ እቴ! ድንጋይ!»

«ድንጋጤው ነው ያቀዘቀዘሽ» አላት አስጎብኚው ዘመን።

«አንተስ?» አለችው ፅናት። «ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛችሁ ነበር አሉ።»

«እስከ ስምንት ተኩል ነአኩቶ ለአብ ገዳም ከፈረንጆች ጋር ነበርኩ። ከዚያ በቀጥታ ተዝካሩ። ይጠይቁ!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የሻው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

ፅናት ሟቹ ክፍል ገብታ አጠገቧ ያለውን ደብተር አገላብጣ ምስጢር ቃሉን አገኘችና የሣጥኗን የሥራ መዝገብ አየች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ቆጣሪውን አጠፋች፤ መልሳ አበራችው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ከዚያ ከላይ ክራር ተሰማ።

ቄስ ምስጋኑ አማተቡ። «ማን አለ ላይ?»

«ማንም የለም፣ አባ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስሙንና ምስጢር ቃሉን መጻፍ ሰልችቶት ባለፈው ዓርብ አሠራሯን ለውጦታል፤ ደብተሩ ላይ አለ። ማጫወቻው የሥርዓቱ አገልግሎት ሆኗል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ሰው እስኪከፍተው አይጠብቅም። ከዓርብ ወዲህ መብራት የጠፋው ትናንት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማናችሁም አላወቃችሁም። መዝገቧ ውስጥ ዘጠኝ ከሁለት ላይ መነሳቷን ጽፋለች፤ ስሙን ያስገባ ሰው ግን የለም። ሙሉዬ ልክ ናት፤ ያኔ ከሞተ ቆይቷል።»

ሙሉዬ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባ፣ ክራሩ ሲሰማ ተዝካርተኛው ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል? መብሉን ቀጠለ። የሻው ብቻ ዋንጫውን ጥሎ ‹ተመስገን! ተመስገን!› እያለ ሮጠ።»

«ተዝካሩ ላይ የደረሰው ስንት ሰዓት ነበር?»

«እሱማ ዘግይቶ ነው፤ ስምንት ሰዓት ግድም።»

ፅናት ወደ የሻው ዞረች። ማወቋ ደስ አላሰኛትም። «ወንድሜ ክራር ከፈተ ብሎ የሚሮጥ የለም፣ የሻው። ሞቷል ብሎ ያመነ ሰው ካልሆነ በቀር።»

የሻው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«የእናታችንን ቤት አፍርሶ የእንግዳ ክፍል ሊሠራበት ነበር። እሷ የሞተችበትን ቤት! ገፋሁት፤ ወደቀ። ትንፋሽ አጣሁበትና ሸሸሁ። ክራሩን ስሰማ… ተነሥቷል ብዬ ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር የሮጥኩ።»

ዘመን እንኳ አንገቱን ደፋ። ፅናት ካቴናውን ለየሻው ስታስገባለት ሙሉዬ ልጇን እንዳዘለች ተጠግታ ነጠላዋን አወለቀች፤ ገበያውን ሲያልፍ ሰው እንዳያይበት እጆቹን ሸፈነችለት።

ነጠላው ውሸት ነው። ሙሉዬ ያኔ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ የሻውም እጁ እንደታሰረ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው ገበያውን ያለፈ። ነጠላውን በወሬዬ ያለበስኩት እኔ ነኝ።