ባለ ሰባት ቀዳዳው ገመድ

የባዩሽ የኤሌክትሪክ መኪና አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው ግቢዋ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር እንደቆመች አሥራ አንድ ቀን ሆናት። በሹፌር የላከላት አዲስ አበባ የሚኖረው ልጇ ቴዎ ነው። «እማዬ፣ ነዳጅ የለ፣ ሰልፍ የለ፤ ማታ ሰክተሽ ታሳድሪያታለሽ፣ ጠዋት ትነጂያታለሽ» ብሏት ነበር። ሹፌሩ በካርቶን አሽጎ ያመጣው የቻርጅ ገመድ ግን መኪናዋ ላይ አልገጥም አለ።

ባዩሽ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ቴዎ በየእሑዱ ይደውላል፤ በየእሑዱም ያንኑ ይላል።

«ካስቸገረሽ ተዪው እማዬ። ቤቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ነይ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል።»

ልጇን ትወዳለች። ነገር ግን ጠዋት በሯን ከፍታ የአባያና የጫሞ ሐይቆችን ሳታይ የዋለችበት ቀን ትዝ አይላትም። መኪናዋን ማስነሳት ካቃታት ደግሞ «ብቻዬን እችላለሁ» የምትለው ነገር ሁሉ ባዶ ወሬ ሊሆን ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገመዱን ዘንቢል ውስጥ ከትታ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረደች፤ የቀድሞ ተማሪዋ አብዱሰመድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ።

«ቲቸር! ምን ይዘው መጡ?» አለ አብዱሰመድ። ገመዱን አገላብጦ አየና አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሽበታም ሰው አቀበለው። «ጋሽ ፈቃደ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ፈቃደ ከመብራት ኃይል ጡረታ የወጣ ነው። በጋሞ ደጋና ቆላ ያልወጣበት ምሰሶ የለም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ውሎው ይህ አግዳሚ ነበር።

«መብራት መብራት ነው» አለ ልበ ሙሉ ሆኖ። «የማይገጥም ነገር የለም። ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።»

በማግስቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የመኪናዋን ትንሽ ክዳን ከፍቶ አየ፤ የገመዱን ጫፍ አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ።

«ምን ሆነ?» አለች ባዩሽ።

«ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሰባት ለሰባት። ግን…» አንገቱን አከከ።

«ግን ምን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ ባዩሽ። በእኛ ሙያ ሹሉን ወንዴ፣ ቀዳዳውን ደግሞ… ሴቴ እንለዋለን። መኪናዎ ሴቴ ናት። ገመዱም ሴቴ ነው።»

ባዩሽ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ ማንጎው አዞረች። አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር! ፈቃደም መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ እሱም ክዳኑን ተደግፎ ሳቀ።

ቤቱ ሲገባ ግን «መብራት መብራት ነው» ማለቱ አሳፈረው። አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ደውሎ ሲጠይቅ፣ ሲጽፍ፣ ሲሥል ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ደብተር ይዞ ተመለሰ።

«መኪናዎ ቻይና ለራሷ አገር የሠራቻት ናት» አለ። «የቻይናው ገመድ ሹል ሹሉን ይዞ ይመጣል፣ የአውሮፓው ቀዳዳውን። በፎቶ መንታ ይመስላሉ። ልጅዎ ሰባት ቆጥሮ ነው የተሸወደው።»

ከሐይቆቹ በላይ ያለው ሆቴል ቻርጀር መትከሉን ሰምቶ ስለነበር፣ በቀረችው አሥራ ዘጠኝ በመቶ ባትሪ ወደዚያ ሄዱ። እዚያ የጠበቃቸው ገመድ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከሰባቱ ሥር ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት።

«ይህ የአውሮፓው ፈጣኑ ነው» አለ ፈቃደ አዝኖ። «የእርስዎ ፈጣን መግቢያ ይኸውና፣ ለብቻው ነው፤ ባለ ዘጠኝ። አይገናኙም።»

በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ። ፈቃደ የሣላቸውን አራት መሰኪያዎች አሳያት፤ የቻይናው ዘገምተኛ፣ የቻይናው ፈጣን፣ የአውሮፓው ዘገምተኛ፣ የአውሮፓው ፈጣን። ባዩሽ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች።

«ሥዕሉ ርዕስ የለውም አቶ ፈቃደ። እኔ ክፍል ውስጥ ርዕስ የሌለው ሥዕል ከአሥር አምስት ነው የሚያገኘው።»

«ያርሙኛ» አላት። አረመችው። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ማንም አልነካውም።

አብዱሰመድ ትክክለኛውን ገመድ ከአዲስ አበባ አዘዘ፤ በአሥር ቀን ይደርሳል አለ። እስከዚያው ፈቃደ ለቻርጀሩ የሚሆን መስመር ሊዘረጋ ጀመረ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። አንድ ቀን ብሬከሩን ሊያይ መጣ፣ አንድ ቀን የመሬት ሽቦውን፣ አንድ ቀን የረሳውን ፒንሳ ሊወስድ። ባዩሽ ለምን እንደዘገየ አልጠየቀችም። በሰባተኛው ቀን ምሳ ስታቀርብ ሳታስበው ሁለት ሳህን አወጣች።

ገመዱ በደረሰ ቀን ፈቃደ እጀታውን ሰጣት። «እርስዎ ይሰኩት።» ገፋችው፤ ቀጭ አለ። አረንጓዴ መብራት በራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው መብራቱን አዩት። እጇ በእጁ ላይ መሆኑን ያስተዋለችው ቆይታ ነው፤ ካስተዋለችም በኋላ አላነሳችውም።

በዚያው ሳምንት ወደ ደጋዋ ጨንቻ ወጡ። ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የባትሪው ቁጥር ይወርዳል።

«ሰባ… ስልሳ አምስት… ስልሳ! ሳንደርስ ሊያልቅ ነው!»

«ዳገቱ ነው የሚበላው፤ አይዞዎት። ስንወርድ ጥቂቱን ትመልሰዋለች።»

ከመንገድ ዳር ፖም ገዝተው መኪናዋን ተደግፈው በሉ። ፈቃደ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይታ ከሸማኔ የገዛችውን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ጋቢውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሰበሰበው።

«ባዩሽ» አለ። «አንቺ ብልሽ ትቀየሚያለሽ?»

«አልከኝ እኮ አሁን» አለች፤ ዓይኗን ግን ከፖሙ ላይ አላነሳችም።

ቁልቁል ሲወርዱ ሃምሳ ስድስት የነበረው ሃምሳ ዘጠኝ ገባ። «አየህ፣ ጨመረ!» ብላ እንደ ልጅ ጮኸች።

ቅዳሜ ዕለት ቴዎ ሳይነግራት በአውሮፕላን ከተፍ አለ። «እናትህ ቤት አንድ ሰው ይመላለሳል» ብለው ጎረቤቶች ደውለውለት ነበር። ባዩሽ ምሳ ልታሰናዳ ወደ ጓዳ ስትገባ ፈቃደ ለቻርጀሩ የዝናብ ከለላ እየሠራ ነው። ቴዎ አጠገቡ ሄዶ ቆመ።

«እናመሰግናለን ጋሼ። ከእንግዲህ አይድከሙ። እማዬ ከመስቀል በኋላ እኔ ጋ ትገባለች፤ ይህም ይነቀላል።»

ፈቃደ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። ወደ ጓዳው በር አየ፤ ማንም አልወጣም። «መልካም ነው ልጄ» ብሎ ሄደ።

«የት ሄደ?» አለች ባዩሽ ሳህኖቹን ይዛ ስትወጣ።

«ጨርሶ ሄደ» አላት ቴዎ።

ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞም። ስልኩ ዝግ ነው። ለካ ለእሱ ሥራ ብቻ ነበር፤ ሥራው አለቀ፣ አለች በልቧ። ሳምንት ሲሞላ ግን አላስችል ብሏት ሲቀላ ወረደች።

«ቲቸር፣ እውነት ጥለውን ሊሄዱ ነው?» አላት አብዱሰመድ።

«ወዴት?»

«አዲስ አበባ ነዋ! ልጅዎ ነግሯቸው ጋሽ ፈቃደ ሆዳቸው ባብቶ እህታቸው ዘንድ ደጋው ላይ ገረሴ ሄዱ። “አሁን ሴቻን ማየት አልችልም” ነው ያሉኝ።»

ባዩሽ በልጇ ተናደደች። በፈቃደ ግን ይበልጥ ተናደደች። «ምናለበት አንዲት ቃል ቢጠይቀኝ!» እያለች መኪናዋ ውስጥ ገባች። ባትሪው ዘጠና ሁለት ነው። ተራራ ላይ ብቻዋን ነድታ አታውቅም። ገረሴ ደግሞ ቻርጀር የሚባል ነገር የለም። አስነስታ ሄደች።

ገረሴ የገበያ ቀን ነበር። ድምፅ የሌላት መኪና በሰው መሐል ስትገባ «ሞተሩ ጠፍቶባታል፣ ግፉላት!» ያለም አልጠፋ። ፈቃደ ለእህቱ የገዛውን ጎመን ታቅፎ ከፊት ለፊቷ ቀጥ አለ።

«ብቻሽን ነዳሽ?»

«ብቻዬን።»

«ስንት ቀረሽ?»

«ስልሳ አንድ።»

«ለመመለሻ እንኳ…»

«ፈቃደ! ይህን ሁሉ ተራራ የወጣሁት ስለ ባትሪ ላወራህ ነው?»

ፈቃደ ዓይኑን ወደ ጎመኑ መለሰ።

«አዲስ አበባ እገባለሁ ያልኩህ እኔ ነኝ?»

«ልጅሽ ነው።»

«እሱ ያሰበውን ተናገረ። እኔ ያሰብኩትን ማን ጠየቀኝ?»

ፈቃደ ጎመኑን ወደ ሌላው ክንዱ አዞረ። «እሺ፣ ምን አሰብሽ?»

«ምሳ ለሁለት ሰው መሥራት ለምጃለሁ። ብቻዬን መብላት አስጠልቶኛል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ያየችው ሰው አግዳሚው ላይ ካገኘችው ሰው ሃያ ዓመት ያነሰ መሰላት።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ወደ ማን? አባቴ የለ፣ እናቴ የለች።»

«ወደ ልጅሽ።»

ገበያተኛው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች።

የዚያን ዕለት ማታ ለቴዎ ደውላ አርባ ምንጭን እንደማትለቅ ቁርጡን ነገረችው። ቴዎ አኩርፎ ሁለት እሑድ ሳይደውል ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ።

«እማዬ…» አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ። «ሦስት ሰዎች ሶፋዬ ላይ ተቀምጠዋል። ከአርባ ምንጭ ነው የመጡት። አብዱሰመድ የሚባሉት “ልጃችሁን ለልጃችን” ብለው ጀመሩ።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«እንደ ወጉ ነዋ። “ልጅቷን ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም” አልኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ፣ የዚያን ቀን ጋሼን ያስቀየምኳቸው እኔ ነኝ። ምሳ እንኳ ሳይበሉ ነው የሄዱት። ብቻሽን እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ ነበር። ይቅር ይሉኛል?»

«መጥተህ ራሱን ጠይቀው።»

«እመጣለሁ። እንግዲህ እየጠበቁ ነው፤ ልጅቷ ምን ትላለች?»

ባዩሽ በመስኮት አየች። ፈቃደ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ነው። ወደ ቤት መግባት አፍሮ፣ ምንም ያልሆነውን ብሬከር ሲከፍትና ሲዘጋ ቆይቷል።

«ልጅቷ እሺ ብላለች» አለች። «ግን ቶሎ በላቸው፤ ሙሽራው ፀሐይ ላይ ቆሟል።»