ከተከለለው ባሕር የቀዳሁት ድምፅ

«ፈጠራ ነው» የምትል ካለህ ከአሁኑ ዝጋውና ሂድ። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ደግሞ በጨለማ አይደለም... ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከወደብ ከተማችን ከቱቲኮሪን በስተደቡብ ባለው ባሕር ላይ ነው።

ሰሊና እባላለሁ። ሥራዬ ባሕር ማዳመጥ ነው። ማይክሮፎን በገመድ ወደ ውሃው አወርድና ከድምፁ ዓሣው እንዴት እንደሰነበተ አጠናለሁ።

ዓሣ የሚራባበት ቦታ ዝም አይልም። ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል።

ይህን መራቢያ ማንም እንዳያጠምድበት ያስከለልነው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ማሪያዳስ ነን። አምና ማሪያዳስ ድምፅ ሊቀዳ እንደወጣ ትልቅ መረብ ጎታች መርከብ ጀልባውን ለሁለት ሰነጠቀው። ሬሳው አልተገኘም።

አለቃችን ዶክተር ካናጋራጅ «አደጋ ነው» ብሎ ነገሩን አድበሰበሰው። አንቱ አልለውም፤ ይቅር በሉኝ። ማን እንደገደለው ወደቡ ላይ የማያውቅ የለም! ብጮህ፣ ብለምን... ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ይባስ ብሎ ዘንድሮ «ዓሣው ተትረፍርፏል፣ ክልሉ ለመርከቦች ይከፈት» ማለት ጀመረ። ስብሰባ ጠራ።

ደሜ ፈላ። በስብሰባው ዋዜማ ውሸቱን የሚያጋልጥ ድምፅ ልቀዳ ወጣሁ።

ጀልባዋን የያዙት ሽማግሌው አጥማጅ ሱሳይ ነበሩ። እንደ አባቶቻቸው መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ነክረው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። እኔም ማይክሮፎኔን አወረድኩ።

ምንም...

«ተበላሽቶብሽ እንዳይሆን?»

«እርስዎስ ይሰማዎታል አባባ?»

«ኧረ እኔስ ደነቆርኩ ብዬ ነበር!»

ገመዱን ነቀነቅኩ። ባትሪ ቀየርኩ። ያው ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። መርከቦቹ ቀድመውናል። የመረባቸው ብረት የባሕሩን ወለል ጠርጎ ባዶውን አስቀርቶታል። ሆዳሞች! ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ።

እንባዬን ስጠርግ ሌላ ነገር አየሁ።

ነፋሱ ፀጉሬን ይበትነዋል... ውሃው ግን አይንቀሳቀስም። አንዲት ሞገድ እንኳ የለም።

ኳ... ኳ...

አንድ ሰው ማይክሮፎኑን በጥፍሩ መታው። ከታች።

ሱሳይ ጆሯቸውን ከመቅዘፊያው አላቀቁ።

«ልጄ... ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንሂድ።»

«ቆይ አባባ... ቆይ።»

እኛ ድምፅ የምንቀዳ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ከመጀመራችን በፊት ማይክሮፎኑን በጥፍራችን መታ መታ እናደርግና ቦታውን፣ የቀጂውን ስምና ቀኑን እንናገራለን።

በማዳመጫዬ ውስጥ አንድ ሰው በእርጋታ ተናገረ።

«የተከለለው ክልል። ቀጂ ማሪያዳስ።»

ቀኑንም ተናገረ... የዚያኑ ዕለት ቀን።

ሱሳይ አማተቡና ሞተሩን አስነሱ። በቀጥታ ወደ ወደቡ ተመለስን።

በማግስቱ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። የመርከብ ባለቤቶቹ ከፊት ተኮፍሰዋል፣ አጥማጆቹ ከኋላ ቆመዋል። የቀዳሁትን ከፈትኩት።

የማሪያዳስ ድምፅ የለም። ከጸጥታው በቀር ምንም የለም።

«ይኸው!» አልኩ። «ይህ መራቢያ ነበር። መርከቦቻችሁ በስርቆት ገብተው ጨርሰውታል። ፋታ ካላገኘ መቼም አያገግም!»

ካናጋራጅ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ዝምታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማስረጃ የሆነው? ሂጂ ማሽንሽን አሠሪ!»

ባለቤቶቹ አሽካኩ። እጄ ወንበር ሊያነሳ ቃጣው፤ እውነቴን ነው።

ካናጋራጅ ብርጭቆውን አንስቶ ውሃውን ጭልጥ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ክልሉ...»

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልጨረሳትም። ክልሉም አልተከፈተም።

ሳል ያዘው። ሳለ... ሳለ... መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ መዳፉን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ከአጠገቡ ስለነበርኩ እኔም አየሁት።

የዓሣ እንቁላል ነበር። ከውሃው ጋር ከአፉ እየተንጠባጠበ፣ ጥርት ያለ፣ ገና ሕይወት ያለው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ጥቁር ዓይን ትታያለች... ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ።