ወደ ግራ የታጠፉት ናፕኪኖች

ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ይህን ታሪክ የምጽፈውም እንደ እኔ የምትቃጠል ሴት ካለች ታንብበው ብዬ ነው።

ባሌን የተዋወቅሁት እየጮህኩበት ነው። የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ሊጠግን መጣ። ሲጨርስ፣ ገና ተኩሼ ከደረደርኳቸው ነጭ ናፕኪኖች አንዱን አንስቶ ግሪስ የጠገበ እጁን ጠረገበት።

«አንተ! ዓይን የለህም? እሱ የእጅ መጥረጊያ ነው?»

«ታዲያ የምን ነው እህቴ?»

«የአፍ ነው፣ የአፍ!»

ደንግጦ አፉን ጠረገበት። ግሪሱ ጢም ሆኖ ሲቀር ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ቤታችን ግን የጨርቅ ናፕኪን ገብቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሦስት መቶ ናፕኪን ሳጥፍ ውዬ ቤቴ ደግሞ ላጥፍ? ሶፍት ይበቃናል፤ ጠርጎ መጣል ነው። በዚህ ተስማምተን አራት ዓመት ኖርን።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት የለም። በምትኩ ስድስት ነጭ የጨርቅ ናፕኪኖች ተተኩሰውና ታጥፈው ተቀምጠዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሶፍት ቀረ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «አያምርም?»

አንዱን አነሳሁ። ደሜ ፈላ።

እኛ የላውንደሪ ሴቶች የእያንዳንዳችንን አስተጣጠፍ እንደ እጅ ጽሑፍ እንለያለን። የዚህ ጠርዙ ወደ ግራ የዞረ ነው። ወደ ግራ የምታጥፈው ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፦ በግራ እጇ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ ሁላችንም «መቃ» የምንላት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያት። ባል የላትም። የዕረፍት ቀኗ ሐሙስ ነው።

«ይሄን ያጠፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ? የካልሲህን ጥንድ ማግኘት የሚያቅትህ ሰውዬ? ባለፈው ሐሙስ የት ነበርክ?»

ዓይኑን ሰበረ።

«ሥራ...»

ያቺ «ሥራ» አንጀቴን በጠሰችው። እራት ሳልበላ፣ ሳላናግረው፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። እውነት ከሆነ ጥዬው እንደምሄድ ለራሴ ማልኩ።

በማግስቱ መቃን ከማሽኑ ጀርባ ያዝኳት።

«ባሌ ቤትሽ ይመጣል?»

«ይመጣል» አለች ሳታፍር። «ሦስት ሐሙስ መጣ።»

ሽርጤን ፈትቼ ልሄድ ስል እሷ ቀጠለች።

«እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ጨርቅ ሲያጥፍ ነው የሚውለው። እጁ እንደ እንጨት የደረቀ ሰው! እናቴ እንኳን ቀድማው ለመደች። እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

«ወደ ግራ ነው ያጠፈው...»

«ከእኔ የተማረ ወደ ግራ ባያጥፍ ነው የሚገርመው!» ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «አንቺ፣ ምን ብለሽው ነው? ስንት ዓመት ለሰው ሳጥፍ ለእኔ አንድም ሰው አጥፎልኝ አያውቅም ብለሽ አልቅሰሻል አሉ። እሷ እንዳትነካቸው፣ አጥቤም ተኩሼም የማጥፈው እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሶፍቱ ተመልሷል። ናፕኪኖቹን በፌስታል ቋጥሮ በሩ ሥር አስቀምጧቸዋል።

«መቃ ደውላ የጠረጠርሽውን ነግራኛለች፤ ጨርቆቿን መልሺላት» አለኝ ቀና ሳይል። «አራት ዓመት ሙሉ የምታምኚኝ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን ዋሸኸኝ ታዲያ?»

«ሳልችል ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ!»

«ይቅር በለኝ... ተሳስቻለሁ።»

ሶፍቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እኔ ግን እኔ ነኝና አላስቻለኝም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስታስተምርህ... እጅህን ይዛህ ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊቆጣ ነው ስል ሳቁ አመለጠው።

«እናቷ ናቸው የያዙኝ! በጥፊ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም።»

«ማልልኝ!»

«አንቺን!»

ፌስታሉን ፈትቼ ስድስቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

«ና፣ አጠገቤ ቁም። እኔ ቤት ውስጥ በሌላ ሴት አስተጣጠፍ አፌን አልጠርግም።»

ሁለት እጆቹን ከላይ ያዝኳቸውና ጠርዙን ወደ ቀኝ መለስነው። አንዱን ለማጠፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። እራቱ ቀዘቀዘ፤ እኔ ግን ስድስተኛውም ካለቀ በኋላ እጁን አልለቀቅኩትም።