ከጉድጓዷ ያልተነሳችው ሸማኔ

ጳጉሜ በገባ በማለዳው፣ በሐምራ የተራራ በር ላይ የተሰቀለው የዘመን ሸማ ማንም ሳይነካው ከመሀሉ ተተረተረ። ከበሩ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ በላዔ ዘመን አገሳ። ይህ አውሬ ሥጋ አይበላም፤ የሚበላው ዓመት ነው። ባለፈበት አገር እህል አያሸትም፣ እርጉዝ አትወልድም፣ ሕፃን አያድግም። ከዚያ ሸማ በቀር የሚያግደው ጦርም ግንብም አልነበረም።

ንጉሡ ሸማኔዋን ዝማምን አስጠርቶ፣ «ዘመን በሚለወጥባት ዕለት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ አዲሱን ሸማ በበሩ ሥር ሠርተሽ ስቀይ። ሐምራ ካላንቺ ዋስ የላትም» አላት።

«እናቴን ለማን ልተዋት ጃንሆይ?»

እናቷ ሙላቷ የቀድሞዋ የዘመን ሸማኔ ነበረች። አሁን ግን ካላገላበጧት የማትገላበጥ፣ ካላጎረሷት የማትጎርስ ሽባ ሆናለች። ንጉሡ ወደ መኳንንቱ ዞረ፤ መኳንንቱም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አገር ስትጨነቅ ምክር የሚያጣ የለም፤ አንዲት በሽተኛ የሚያስታምም እጅ ግን ጠፋ። ጎረቤቶቿማ ግሣቱን እንደሰሙ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቆላ ወርደዋል።

ስለዚህ ዝማም እናቷን በበቅሎ ጭና፣ ድሯንና ማጓን ተሸክማ ወጣች። የተከተላት አሮጌው ጋሻ ጃግሬ ወንዳፍራሽ ብቻ ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ» አለ ወንዳፍራሽ። «እኛ ግን ያበርነው ከበቅሎ ጋር ነው።»

በቅሎዋንም መንገድ ላይ ጥቁር ረግረግ ዋጣት። ከዚያ ወዲያ ሙላቷን በየተራ አዘሏት። ዝማም በልቧ ይዛው የኖረችው ጥለት ነበራት፤ ግን እናቷን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ሳትሠራው ዓመታቱ አለፉ። አንዳንዴ «ምነው ባረፈችና ባረፍኩ» ትላለች፤ ወዲያው ራሷን ትረግማለች።

ዘመን በሚለወጥባት ዕለት ማለዳ በሩ ሥር ደርሳ አሮጌውን ሸማ ስትመረምር፣ የተተረተረበት ቦታ ላይ ማጉ ተቋርጦ እንደገና ተቀጥሎ አገኘችው። የዘመን ሸማኔ በሩ ሥር ወደ ተቆፈረው የሽመና ጉድጓዷ ከገባች ሸማው እስኪቆረጥ አትነሳም፤ ሕጉ ይህ ነው። ከተነሳች ሸማው በዚያው ቦታ ይላላል።

«እማ፣ ተነስተሽ ነበር?»

«ሕፃን ነበርሽ» አለች ሙላቷ በተሳሰረ አንደበቷ። «ትኩሳት ይዞሽ ውኃ ብለሽ ጠራሽኝ። እንዴት ልቀመጥ? አንቺ ግን ብጠራሽም እንዳትነሺ። ማይልኝ።»

የሐምራ ሰው መሐላ «እናቴ ትሙት» ነው። ዝማም ፊቷን ወደ ድሯ አዞረች። ሙላቷ ግን እስክትለው ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ማለች። ጉድጓዷም ገባች።

ቀትር ሲሆን በላዔ ዘመን ከጉሙ ወጣ። ወንዳፍራሽ በጠባቡ በር ላይ ጋሻውን ተክሎ ገጠመው፤ አንዲት እርምጃ ቢለቅ ሐምራ አለቀላት። በዚያው ሰዓት ከዝማም ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ውኃ… ልጄ፣ ውኃ…»

መወርወሪያው ቆመ። ከዚያ ወረወረችው። እያለቀሰች ወረወረችው። ያ በልቧ የኖረው ጥለት ከእጇ እንደ ጉድ ይፈስ ጀመር፤ እንዲህ ያለ ሸማ ከቶ ሠርታ አታውቅም። እጇ ደስ አለው፤ ለዚህም ራሷን ጠላች። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሸማውን ቆርጣ ሰቀለችው። አውሬው ጮኾ ወደ ጉሙ ተመለሰ። አንድ ክንዱን ያጣው ወንዳፍራሽ ወደ ሙላቷ ተሳበ፤ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

ዘመኑ በተለወጠ ማግስት ሕዝቡ በአበባና በከበሮ ወደ በሩ ወጣ። ዝማም የእናቷን ራስ ታቅፋ የደረቀ ከንፈሯን ታርስ ነበር።

«የሐምራ መድኅን» አላት ንጉሡ ከፊቷ ተንበርክኮ። «እጄ እስኪዝል እሰጥሻለሁ። ምን ትሺያለሽ?»

ዝማም ከበሩ እስከ ሸለቆው የሞላውን ሰው አየች።

«እኔስ የፈለግሁት አንድ ሰው ነበር ጃንሆይ» አለች። «ውኃ የሚያቀብላት።»